ጆሮውን ደጅ ትቶ ስለሚገባ ተሰብሳቢ

ስለ ንግግር ጥበብ ብዙ ተጽፏል። በሰው ፊት እንዴት እንደሚቆም፣ ድምፅ እንዴት ከፍና ዝቅ እንደሚል፣ የአድማጭም ልብ እንዴት እንደሚማረክ የሚያስተምሩ መጻሕፍት በየመደብሩ ሞልተዋል። ስለ መስማት ግን የሚጽፍ ጥቂት ነው። ሰው ሁሉ ጆሮ ይዞ ስለ ተወለደ መስማትን ያለ አስተማሪ የሚያውቅ ይመስለዋልና። ነገር ግን እግር ይዞ የተወለደ ሁሉ እንደ በቆጂ ልጆች ይሮጣልን? ዓይን ያለውስ ሁሉ ፊደል ሳይቈጥር ያነባልን? ጆሮም እንደዚሁ ነው፤ ካልተማረ በራስ ግራና ቀኝ የተለጠፈ ጌጥ ሆኖ ይቀራል።

እኔ ዕድሜዬን በአስተማሪነት የፈጸምሁ፣ አሁንም በጡረታ የምኖር ሰው ነኝ። በዚህ ሥራ ሳለሁ ሁለት ነገሮችን ከልክ በላይ አየሁ፤ አንደኛው ጠመኔ፣ ሁለተኛው ስብሰባ ነው። ጠመኔው አልቋል፤ ስብሰባው ግን ጡረታ ከወጣሁም በኋላ አላለቀልኝም። የእድር ስብሰባ አለ፤ የቀበሌ ስብሰባ አለ፤ የጡረተኞች ስብሰባ አለ፤ አንድ ጊዜማ ስብሰባን ስለ መቀነስ የተጠራ ስብሰባ ላይ ከጧት እስከ ማታ ተቀምጬ ውያለሁ። ስለዚህ በዚህ ነገር ላይ ጥቂት ለመናገር መብት ያለኝ ይመስለኛል።

ወጣት አንባቢዎቼ ሆይ፤ ዛሬ ብዕሬን ያነሣሁት በእናንተ መካከል እንደ ጥበብ የሚነገረውን አንድ አሳብ ለመቃወም ነው። አሳቡም ይህ ነው፤ «የሚያሰለች ስብሰባ ላይ የተቀመጠ ሰው ብልሃቱ አለመስማት ነው፤ ሰውነቱ ወንበር ላይ ይቀመጥ፣ ልቡ ግን ወደ ወደደበት ይሂድ» ይባላል። ይህን የሚሉት ሰነፎች ብቻ ቢሆኑ ኖሮ ባልደከምሁ ነበር። የሚሉት ግን የተማሩት፣ ንቁዎቹ፣ ነገ አገር የሚረከቡት ናቸው። እኔም የምመልስላቸው እንዲህ ብዬ ነው፤ ስብሰባ የሚሰለቸው ተናጋሪው ስለሚያረዝም ነው፤ ተናጋሪውም የሚያረዝመው ሰሚ ስለሌለው ነው። ማንም እንደማይሰማው የሚያውቅ ሰው ንግግሩን የሚያሳጥርበት ምክንያት የለውም፤ ቃሉንም የሚመዝንበት ምክንያት የለውም። የማይሰማውም ሰው ጊዜውን ብቻ የሚያጣ ይመስለዋል እንጂ ገንዘቡንና ስሙን፣ አንዳንድ ጊዜም የጓደኛውን እንጀራ አሳልፎ ይሰጣል።

ይህን ለመናገር ከምኖርባት ከአዳማ የተሻለ ቦታ አላውቅም። አዳማ፣ ብዙዎቻችን ናዝሬት እያልን ያደግንባት፣ የመንገደኛ ከተማ ናት። ከጅቡቲ ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው የባቡር ሐዲድ ያለፈው በእርሷ በኩል ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 ሥራ የጀመረው የወንጂ ስኳር ፋብሪካም የቆመው ከአጠገቧ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2000 እስከ 2005 የኦሮሚያ ክልል ዋና ከተማ ነበረች፤ ጨፌ ኦሮሚያም ጉባኤውን ብዙ ጊዜ በዚህች ከተማ አድርጓል። እ.ኤ.አ. በ2014 የፍጥነት መንገዱ ሲከፈት ደግሞ ከአዲስ አበባ የሚለያት 100 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ እንደ ጎረቤት ጓሮ ቀረበ። ስለዚህ የመሥሪያ ቤት ሰዎች «ለዐውደ ጥናት ወረድን» ያሉ እንደ ሆነ የወረዱት ብዙውን ጊዜ ወደ አዳማ ወይም ወደ ቢሾፍቱ ነው።

ሞጆ ላይ ደረቅ ወደብ አለ፤ በዚያ ከባሕር ማዶ የመጣ ዕቃ ይራገፋል። አዳማና ቢሾፍቱ ላይ ግን ከአዲስ አበባ የመጣ ቃል ይራገፋል። በሆቴሉ አዳራሽ ነጭ ጨርቅ የለበሱ ጠረጴዛዎች ይደረደራሉ፤ በየሰዉ ፊት የውሃ ጠርሙስ፣ ደብተርና እስክሪብቶ ይቀመጣል፤ ከመድረኩም በላይ የስብሰባውን ርእስ የያዘ ረጅም ጨርቅ ይሰቀላል። ያ ጨርቅ ትልቅ ጥቅም አለው፤ ከምሳ በኋላ ስለ ምን እንደ ተሰበሰቡ የረሱ ሰዎች ቀና ብለው ያነቡታል። የአዳማ አየር ከአዲስ አበባ ይልቅ ሞቃት ስለ ሆነ፣ ምሳውም ጠንከር ያለ ስለሚሆን፣ ከስምንት ሰዓት እስከ ዐሥር ሰዓት ያለው ጊዜ ለተናጋሪ ፈተና፣ ለሰሚ ደግሞ አልጋ ነው። በቢሾፍቱ ደግሞ መስኮቱ ወደ ሐይቅ የሚያሳይ አዳራሽ ስለማይጠፋ፣ ስለ በጀት ሲነገረው የውሃ ወፍ የሚቈጥር ተሰብሳቢ አይታጣም።

በነዚህ አዳራሾች የማይሰማው ሰው በብዙ መልክ ይገኛል። የመጀመሪያው ራስ ነቅናቂው ነው። ይህ ሰው ተናጋሪው ምንም ይበል ምን ራሱን ወደ ላይና ወደ ታች ያወዛውዛል፤ «እናንተ ሁላችሁ ሌቦች ናችሁ» ቢባልም መነቅነቁን አይተውም። ሁለተኛው ጸሐፊ መሳዩ ነው። ከሩቅ ሲታይ ያለ ዕረፍት ይጽፋል፤ ቀርቦ ለተመለከተው ግን ደብተሩ ላይ ያለው አበባ፣ የጎጆ ቤትና የስሙ ፊርማ በሃያ ዓይነት አጣጣል ነው። ሦስተኛው ስልከኛው ነው። ሁለት እጆቹ ከጠረጴዛው በታች ናቸው፤ ፊቱ በሰማያዊ ብርሃን በርቷል፤ የበጀት ጉድለት ሲነበብ ለብቻው ፈገግ ይላል። አራተኛው ሻይ ጠባቂው ነው፤ ጆሮው ቢዘጋም አፍንጫው ንቁ ነውና ቡናው ሲፈላ ከሁሉ ቀድሞ ያውቃል። አምስተኛው ከሁሉ የከፋው ነው። እርሱ ነቅቶ፣ ተስተካክሎ፣ ተናጋሪውን ትክ ብሎ እያየ ይቀመጣል፤ የሚሰማው ግን ቀጥሎ የሚናገረውን የራሱን ንግግር ብቻ ነው። ተራው ሲደርስም ከእርሱ በፊት ሦስት ሰዎች የተናገሩትን እንደ አዲስ ይናገራል።

ፍርድ ሚዛናዊ እንዲሆን ስለ ተናጋሪውም እንናገር። በአገራችን «ጊዜያችሁን ላለመውሰድ» ብሎ የሚጀምር ሰው ከግማሽ ሰዓት በፊት አይቀመጥም። «ሁላችንም እንደምናውቀው» ያለ ሰው፣ ሁላችንም የምናውቀውን ነገር ሳያስቀር ይነግረናል። «ከእኔ በፊት የተናገሩት ሁሉን ስላሉት» የሚለውም ሁሉን እንደ ገና ይለዋል። ከዚያ «ከዚህ አኳያ»፣ «በአጽንኦት»፣ «አቅጣጫ ተቀምጧል»፣ «አበረታች ውጤት ቢኖርም ክፍተቶች ታይተዋል» የሚሉ ቃላት ይከተላሉ። እነዚህ ቃላት እንደ ተማሪ ቤት ደወል ናቸው፤ ድምፃቸው በተሰማ ቁጥር የተሰብሳቢው ልብ ወደ ውጭ ይሮጣል። እንግዲህ ተናጋሪው ንጹሕ ነው አላልሁም። ነገር ግን የሌላው ጥፋት የእኛን ስንፍና ጽድቅ አያደርገውም።

አሁን ወደ ክርክሩ እንመለስ። አለመስማትን የሚያወድሱ ወጣቶች ሦስት ምክንያቶች ያቀርባሉ። እነርሱንም አንድ በአንድ እመረምራለሁ።

የመጀመሪያው፣ «በስብሰባ የሚነገረው ከንቱ ነው፤ ከንቱ ነገር ደግሞ ጆሮ አይገባውም» የሚለው ነው። አብዛኛው ከንቱ መሆኑን እኔም አልክድም። ነገር ግን አውድማው ላይ ገለባ በዛ ብሎ ፍሬውን ጥሎ የሄደ ገበሬ ማን አየ? ገለባው በበዛ መጠን መንሹን አጥብቆ መያዝ ያስፈልጋል እንጂ። እንዲያውም ልብ በሉ፤ ክፉ ነገር ለማስወሰን የሚፈልግ ሰው ነገሩን በጧት፣ ሁሉ በነቃበት ሰዓት አያነሣም። ገለባው መካከል ደብቆ በመጨረሻ ያቀርበዋል።

ለዚህ ምስክር የሚሆን ነገር ላጫውታችሁ። በስምጥ ሸለቆ ከተሞች ከአንዱ፣ ስሙን በማልጠራው መሥሪያ ቤት፣ ሰባት አጀንዳ የተያዘለት ስብሰባ ተደረገ። ሰባተኛው «ልዩ ልዩ ጉዳዮች» ይላል። ስድስቱ ሲነገሩ ጀንበር አዘቀዘቀች። ሰባተኛው ላይ ሰብሳቢው ወረቀታቸውን እየሰበሰቡ፣ «ወጪ ከመቀነስ አኳያ የጥበቃውን ዘርፍ አሠራር ከዘመኑ ጋር ለማጣጣም የቀረበው አሳብ በሙሉ ድምፅ ጸድቋል ብለን እንለፈው?» አሉ። ጭብጨባ ሆነ፤ የተጨበጨበውም ስብሰባው ስላለቀ ነው። በማግስቱ ሁለት ሽማግሌ ዘበኞች የሥራ ካፖርታቸውን አጥፈው በክንዳቸው እንደ ያዙ ከበሩ ውጭ ቆመው ተገኙ። ሠራተኛው ሁሉ «ይህን ግፍ ማን ወሰነ?» እያለ ጮኸ። ቃለ ጉባኤው ሲገለጥ አርባ ፊርማ ወጣ። ነገሩን ያጫወተኝ ከፈራሚዎቹ አንዱ የሆነ ወጣት የሒሳብ ሠራተኛ ነው። ከዘበኞቹ አንዱን «አባባ» እያለ በየጧቱ ሰላምታ ይሰጣቸው ነበር። «እኔ እኮ በኤሌክትሪክ የሚከፈት በር ሊገጠም መስሎኝ ነው» አለኝ፤ ይህንም ሲል ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር።

ወጣቶች ሆይ፤ እነዚያን ሽማግሌዎች ከእንጀራቸው የለየ አንድ ጨካኝ ሰው ነው ብላችሁ አትፍረዱ። አርባ ደጋግ ሰዎች ባለመስማታቸው ለዩአቸው። ከአርባው አንዱ እንኳ እጁን አውጥቶ «ማጣጣም ማለት ምን ማለት ነው?» ቢል ኖሮ ነገሩ በብርሃን ይታይ ነበር። ምናልባት ውሳኔው አይለወጥ ይሆናል፤ ነገር ግን በአርባ ሰው ስም አይጻፍም ነበር።

ሁለተኛው ምክንያት፣ «ብንሰማም ባንሰማም ቃለ ጉባኤው ኋላ ይደርሰናል» የሚለው ነው። ቃለ ጉባኤ የሚጽፈው ሰው ግን ከሰማይ የወረደ አይደለም። እርሱም ያንኑ ምሳ የበላ፣ በዚያው ሙቀት የተቀመጠ ሰው ነው። የጻፈውንም ብታነቡ ለሁሉም ስብሰባ አንድ ዓይነት ልብስ አልብሶት ታገኛላችሁ፤ «ቤቱ በጉዳዩ ላይ በስፋት ከተወያየ በኋላ በሙሉ ድምፅ ወስኗል» ይላል። «ቤቱ አንቀላፍቶ ነበር» ብሎ የጻፈ ጸሐፊ እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። እንግዲህ ቃለ ጉባኤው የሚነግራችሁ እንደ ሰማችሁና እንደ ተስማማችሁ ነው። በፊርማችሁም ያጸናባችኋል።

ሦስተኛው ምክንያት፣ «አንድ ሰው ቢሰማ ምን ይለውጣል?» የሚለው ነው። ለዚህ ሁለት መልስ አለኝ፤ አንዱ ከሩቅ፣ አንዱ ከቅርብ።

የሩቁ ይህ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1944፣ የአሜሪካ የስለላ መሥሪያ ቤት በጠላት በተያዙ አገሮች ለሚኖሩ ወዳጆቹ አንዲት ትንሽ የማበላሻ መመሪያ አዘጋጀ። በመመሪያው ውስጥ ማሽን እንዴት እንደሚሰበርና ባቡር እንዴት እንደሚዘገይ ተጽፏል። ከዚያ ጋር አብሮ ስብሰባ እንዴት እንደሚበላሽ ተጽፏል። ምክሩም ይህን የመሰለ ነው፤ ንግግር አብዙ፣ አርዝሙም፤ ነገሩን ሁሉ ወደ ኮሚቴ ምሩት፣ ኮሚቴውም በሰው ብዛት ትልቅ ይሁን፤ ስለ ቃላት አጻጻፍ ተከራከሩ፤ ባለፈው ስብሰባ የተወሰነውን እንደ ገና አንሡ። አንባቢዎቼ ሆይ፤ በጦርነት ጊዜ ጠላትን ለማዳከም የታዘዘውን ነገር እኛ በሰላም ጊዜ፣ አበል ተከፍሎልን፣ በራሳችን ላይ መፈጸማችን አያስደንቅምን? ይህ ዘዴ ደግሞ የሚሠራው ሰሚው ሲፈዝ ብቻ ነው። የነቃ ሰሚ ባለበት ቤት እንዲህ ያለው ተናጋሪ ወዲያው ይታወቃል።

የቅርቡ መልስ ከሰፈራችን እድር የተገኘ ነው። አንድ ጊዜ ገንዘብ ያዡ የዓመቱን ሒሳብ ሲያሰሙ ስለ ድንኳኑ፣ ስለ ወንበሩ፣ ስለ ብረት ድስቱ አርባ ደቂቃ ያህል ተናገሩ። በመጨረሻ አንዲት መበለት እናት ከነጠላቸው ሥር እጃቸውን አውጥተው፣ «ልጄ፣ ዕድሜ ይስጥህ፤ አሁን በባንክ ያለን ስንት ብር ነው?» አሉ። ያንቀላፋው ሁሉ ነቃ። ገንዘብ ያዡም ወረቀታቸውን አገላብጠው ቍጥሩን ተናገሩ፤ ስብሰባውም ባጭር ጊዜ አለቀ። እኚያ እናት ንግግር አላደረጉም፤ አልተቈጡም። አርባውን ደቂቃ ሙሉ ሰምተው የጎደለውን አንድ ነገር አወቁ፤ እርሱንም ጠየቁ። በእድር ሰው ከመሥሪያ ቤት ይልቅ የሚሰማው ለምንድን ነው ብትሉ፣ ገንዘቡ የራሱ መሆኑን ስለሚያውቅ ነው። የመሥሪያ ቤቱም ገንዘብ የእርሱ መሆኑን ያወቀ ቀን በዚያም ይሰማል።

ከነዚህ ከሦስቱ ሌላ ወጣቶቹ የማይናገሩት፣ በልባቸው ግን የያዙት አንድ ምክንያት ያለ ይመስለኛል። በቋንቋችን «መስማት» ሁለት ትርጉም አለው። «ይህ ልጅ አይሰማም» ስንል ጆሮው ደንቍሯል ማለታችን አይደለም፤ አይታዘዝም ማለታችን ነው። «ስማ!» ብሎ የሚጮኽ አለቃም ድምፄ ይድረስህ ማለቱ ሳይሆን ያልሁህን አድርግ ማለቱ ነው። ስለዚህ መገዛት የማይፈልግ ወጣት ጆሮውን የዘጋ እንደ ሆነ ነጻነቱን ያስከበረ ይመስለዋል። እኔ ግን ይህ ትልቅ ስሕተት ነው እላለሁ። ጆሮውን ዘግቶ እጁን የሚያወጣ ሰው እንደርሱ ያለ ታዛዥ ከቶ አይገኝም።

ይህን ታሪክ አስተምሮናል። በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ የከተማ ቀበሌዎች ከተቋቋሙ በኋላ በየሰፈሩ ስብሰባ ሆነ። መፈክር ይነገራል፤ ግራ እጅ ይነሣል። እጅ ያነሣ ሁሉ ግን የሰማ አልነበረም፤ ጎረቤቱን አይቶ የሚያነሣ ብዙ ነበር። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ደግሞ ግምገማ የሚባል መጣ፤ በዚያም የባልንጀራው ስም ሲነሣ ሳይሰማ ቀርቶ ኋላ የሚጸጸት ነበር። መንግሥት ተለዋወጠ፤ አዳራሹም ተለዋወጠ፤ ጎረቤቱን አይቶ እጁን የሚያወጣው ሰው ግን እዚያው ወንበሩ ላይ አለ።

የጥንት ሰዎች ግን እንዲህ አልነበሩም። በአማራው አገር በዛፍ ጥላ ሥር «በላ ልበልሃ» እየተባለ ሙግት ሲካሄድ፣ ተሟጋቹ ቃል የሳተ እንደ ሆነ ዙሪያውን የተቀመጠው ሕዝብ ወዲያው ያውቅበት ነበር። በኦሮሞውም የገዳ ሥርዓት፣ እ.ኤ.አ. በ2016 ዩኔስኮ በዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ በጻፈው፣ ጉባኤው ከኦዳ ዛፍ በታች ተቀምጦ እስኪስማማ ድረስ ይመክራል። የሕጉና የታሪኩ አዋቂዎች «አርጋ ዸጌቲ» ይባላሉ፤ ማየትና መስማት እንደ ማለት ነው። ሕጉ በጽሑፍ ሳይሆን በቃል ሲተላለፍ የኖረ ስለ ሆነ፣ የማይሰማ ሰው ባለበት ሕጉ ራሱ ይጠፋ ነበር። ኦሮምኛ ደግሞ «ዸገኡ» ለመስማት፣ «ዸጌፈቹ» ለማዳመጥ የሚል የተለየ ቃል አለው። አማርኛችንም «ማዳመጥ» የሚል ቃል ሰጥቶናል። ያዳመጠ ሰው ቢፈልግ ይስማማል፤ ባይፈልግ ይቃወማል። ያላዳመጠ ግን ለመቃወም እንኳ የሚይዘው ነገር የለውም።

እንግዲህ «እንዴት እንስማ? እንቅልፉስ?» ትሉኝ ይሆናል። አስተማሪ ያለ ምክር አይጨርስምና ጥቂት ልምከራችሁ።

መጀመሪያ፣ ከምሳው ላይ እጃችሁን ቶሎ ሰብስቡ። ከክትፎ በኋላ የሚሰጥ ማብራሪያ ወደ ጆሮ ሳይሆን ወደ ሆድ ይወርዳል። ከፊተኛው ወንበር ተቀመጡ፤ በሰብሳቢው ዓይን ሥር ማንቀላፋት ታላቅ ድፍረት ይጠይቃልና።

ሁለተኛ፣ የአማርኛን ጠባይ ዕወቁ። በቋንቋችን ማሠሪያ አንቀጽ የሚመጣው በዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ነው። ተናጋሪው እንዲህ አለ እንበል፤ «የሠራተኛውን የደመወዝ ጭማሪ ጥያቄ በሚመለከት የበላይ አካሉ በጥልቀት ተወያይቶ አስፈላጊነቱን ሙሉ በሙሉ ካመነበት በኋላ ለጊዜው እንዲቆይ ወስኗል»። መካከሉ ላይ የተኛ ሰው ደመወዙ ተጨምሮለት ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ምናልባትም በመንገድ ላይ ሥጋ ይገዛል። አማርኛ የሚሰማ ሰው እስከ አራት ነጥቡ ድረስ መንቃት አለበት።

ሦስተኛ፣ ባለቤት የሌለውን ግሥ ተጠራጠሩ። «ይታያል»፣ «ይጠናል»፣ «ይስተካከላል» ሲባል ማን ያያል? ማን ያጠናል? መቼስ ይስተካከላል? በሰዋስው ትምህርት ተደራጊ ግሥ የምንለው ይህ ነው። በስብሰባ ላይ ግን ተደራጊው ግሥ ሳይሆን ተሰብሳቢው ነው። ስለዚህ ከንግግሩ ሁሉ ሦስት ነገር ብቻ ለቅማችሁ በደብተራችሁ ጻፉ፤ ቍጥር፣ ስም፣ ቀን። ስንት ነው? ማን ይሠራዋል? እስከ መቼ? ሁለት ሰዓት ተነግሮ ከሦስቱ አንዱ እንኳ ካልተገኘ ጥያቄያችሁ ተዘጋጅቶላችኋል።

አራተኛ፣ የተረፋችሁን ጊዜ ተጠቀሙበት። ራልፍ ኒኮልስ የሚባል የአሜሪካ የሚኔሶታ ዩኒቨርሲቲ መምህር እ.ኤ.አ. በ1957 ከጓደኛው ጋር ስለ መስማት መጽሐፍ አሳተመ። እርሱ እንዳስተማረው ሰው በእንግሊዝኛ ሲናገር በደቂቃ 125 ያህል ቃላት ይናገራል፤ የሰሚው አእምሮ ግን ከዚያ እጅግ ይፈጥናል። ልብ የሚባዝነው በዚህ በሚተርፈው ጊዜ ነው። በዚያ ጊዜ ተናጋሪው ያለውን በልባችሁ አሳጥሩት፤ ማስረጃው ምን እንደ ሆነ መርምሩ፤ ያልተናገረውንም ፈልጉ። በልጅነቴ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ስንማር የቃል ጽሕፈት የሚያስጽፉን አንዲት አስተማሪ ነበሩ። ዓረፍተ ነገሩን አንድ ጊዜ ብቻ ያነባሉ፤ «ይድገሙልን» ላላቸው ልጅ ፈገግ ብለው ወደ ቀጣዩ ያልፋሉ። በስብሰባም እንደዚሁ አድርጉ፤ የሚነገረው እንደማይደገም ቍጠሩት። ብዙውን ጊዜ መደገሙ ባይቀርም፣ የሚደገመው ገለባው ነው፤ ፍሬው አንድ ጊዜ ብቻ ተነግሮ ያልፋል።

አምስተኛ፣ ጠይቁ፤ ነገር ግን ጥያቄያችሁ ጥያቄ ይሁን። ታሪክ፣ ምስጋና፣ ወቀሳና ግጥም የተጫነ ጥያቄ ሌላ ንግግር ነው። በአክብሮት ተነሥታችሁ፣ «ክቡር ሰብሳቢ፣ ይቅርታ፤ ይህን ሥራ የሚሠራው ማን ነው?» ብላችሁ ተቀመጡ። ይህች አጭር ጥያቄ በአዳራሹ ላይ እንደ ቀዝቃዛ ውሃ ትረጫለች። ነገ ከነገ ወዲያም ያ ተናጋሪ እናንተ ባላችሁበት ቤት ሲናገር ማን ምን እንደሚሠራ አስቀድሞ አስቦ ይመጣል።

ሰብሳቢ ሆናችሁ ስትሾሙም ይህን አትርሱ። ሄንሪ ሮበርት የሚባል የአሜሪካ ጦር መሐንዲስ ስብሰባ ምራ ተብሎ አመራሩን ባለማወቁ ቢታወክ፣ ለሌላው እንዳይደርስ ብሎ ሕጉን አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1876 የስብሰባ ሥርዓት መጽሐፍ አሳተመ። ኖርዝኮት ፓርኪንሰን የሚባል እንግሊዛዊ የታሪክ ጸሐፊም እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ በቀልድ እንደ ጻፈው፣ ኮሚቴ ስለ አቶሚክ ማብላያ የሚመክረው ጥቂት ደቂቃ ነው፤ ስለ ብስክሌት ማቆሚያ ግን 45 ደቂቃ ይከራከራል፤ ስለ ሻይና ቡና የሆነ እንደ ሆነማ ከአንድ ሰዓት በላይ ይሄዳል። ሰው የሚናገረው በሚያውቀው ነገር ላይ ነውና፣ የማያውቀው ትልቅ ነገር በዝምታ ያልፋል። ስለዚህ ከባዱን ነገር በጧት አንሡ፤ ቀላሉን ለማታ አቆዩ። ሰው የሚጎዳ ውሳኔ «ልዩ ልዩ» ከሚለው ሥር አትደብቁ። ለመናገር የሚፈልገውን ሁሉ ሳይሆን ለማስወሰን የሚፈልገውን አስቀድሙ።

ይህ ሁሉ ሲሆን፣ ስብሰባ አስደሳች ነገር ነው ብላችሁ እንድትወዱት አልመክራችሁም፤ እኔም አልወደውም። ማረሻም አይወደድም፤ ሳይያዝ ግን እርሻ የለም። የአገር ሥራ በስብሰባ ይወሰናል፤ የሚወሰነውም እናንተ ወንበሩ ላይ ሳላችሁ፣ በእናንተ ስም ነው። ስለ ሁለቱ ሽማግሌዎች ማንም ክፉ አልተመኘም፤ ማንም ግን አልሰማም። በሚመጣው ሳምንት ከእናንተ አንዱ ወደ አንድ አዳራሽ ይጠራል። በገባችሁ ጊዜ ስልካችሁን አጥፉ፤ ጀርባችሁን አቅኑ፤ ሰባተኛውንም አጀንዳ ነቅታችሁ ጠብቁ።